ከደምበል ጀርባ የቆመው ካሚዮን

መምህርነቱን ከተውኩ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም የድሮ ተማሪዎቼ “እስቲ ይቺን አማርኛ ይዩልኝ” ማለታቸውን አልተዉም። የሠርግ ጥሪ አርሜያለሁ፤ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ አርሜያለሁ፤ አንድ ጊዜማ የፍቺ ማመልከቻ ሁሉ አይቻለሁ። (ሰዋስው ጎድሎት ነበር እንጂ ብሶቱስ ሙሉ ነበር።) የካሚዮን ጽሑፍ ግን ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ሰሞኑን ከእነዚሁ ተማሪዎቼ አንዱ ደወለና “ጋሼ፣ ደምበል አካባቢ ቡና ቤት ልከፍት ነው። ግቢው ውስጥ የጦርነት ዘመን ካሚዮን አሳድሼ አቁሜያለሁ። ሰሌዳ ተጽፎለታል፣ ሳይሰቀል አንድ ጊዜ ይዩልኝ” አለኝ። ቡናውም ጥሩ እንደሆነ ጨመረበት። ሄድኩ።

ካሚዮኑን ሳየው ደነገጥኩ። ያስደነገጠኝ ማማሩ ነው። አሸዋ የመሰለ ቀለም ተቀብቶ፣ ጎማው ጥቁር ቅባት ጠጥቶ፣ መስተዋቱ ተወልውሎ እንደ ሙሽራ ቆሟል። በሩ ላይ ያ የፋሽስቶቹ ምልክት፣ የታሰረ በትርና መጥረቢያው፣ ተስሏል። ጋቢናው ውስጥ ከልብስ መደብር የመጣ አሻንጉሊት የጣሊያን ወታደር ቆብ ደፍቶ መሪ ይዟል። በጎኑ ስምንት የጥይት ቀዳዳ አለ። ጠጋ ብዬ ሳያቸው ስምንቱም እኩል ናቸው፤ ላሜራውም የተገለበጠው ወደ ውጭ ነው። ለካ በትራፓኖ የበሳው ልጅ ውስጥ ተቀምጦ ነው የበሳው! እንግዲህ አርበኞቻችን ጋቢና ገብተው፣ ከሾፌሩ ጎን ተደላድለው ወደ ውጭ ተኩሰዋል ማለት ነው።

ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ “ይህ ካሚዮን በ1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮን ይዞ ከደሴ አዲስ አበባ የገባ ሲሆን ዛሬ ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመልሷል።”

“አማርኛው እንዴት ነው ጋሼ?”

“አማርኛው ደህና ነው” አልኩት። “‘ክብሩ’ የምትለዋ ግን የማን ክብር እንደሆነች አልገባኝም።”

ሳቀ። እኔ ግን ቡናዬን ይዤ ካሚዮኑን ስዞረው ዋልኩ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ክፉ ልማድ አለበት፤ ያየውን ሁሉ እንደ መጽሐፍ ያነባል። ይህን እድሳት እንደ አንድ የድሮ መጽሐፍ አዲስ ኅትመት ቆጥሬ ልተቸው የተነሳሁት በዚሁ ልማድ ነው።

አስቀድሞ ምስጋናው ይመዝገብልኝ። ካሚዮኑ የተገኘው ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከአንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ፣ ከኮክ ዛፍ ሥር፣ ዶሮ ቤት ሆኖ ተገኘ። ቁራሌዎች በኪሎ ሊወስዱት ሲሉ ነው ተማሪዬ የደረሰው። እሱ ባይደርስ ይህን ጊዜ ቀልጦ የአንዱ ሕንፃ ፌሮ ሆኗል።

የተገኘበት ቦታም ያለ ነገር አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው “ካዜ ኢንቺስ” ከሚባለው፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠራው የመኖሪያ ቤት ነው። ባለቤቶቹ በቤቱ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልኖሩበትም። እኛ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖርንበት። ወጥ ቤት ቀጠልንበት፣ ሰርቪስ ሠራንበት፣ ጠጅ ጣልንበት፣ አዝማሪ አስዘፈንበት፣ ልጅ ዳርንበት። ይህን ሁሉ አድርገንም ስሙ “የጣሊያን ቤት” ከመባል አልዳነም።

ተማሪዬን “ለመሆኑ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ማን ነገረህ?” አልኩት። ደላላው ነው። “መጀመሪያ እንግሊዝ ሠራሽ መስሎን ነበር፤ መሪው በቀኝ ነው። ኋላ ግን ደላላው የባዶሊዮ ነው አለን” አለኝ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ከተሳፋሪነት አያልፍምና በማግስቱ አንድ የማውቃቸውን ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ተመለስኩ። ሰማንያን አልፈዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ “ጋዜጣ ላይ ካዩኝ መኪናቸውን ያልጨረስኩላቸው ሁሉ ይመጡብኛል” ብለው። የሚኖሩት እዚሁ ጎረቤት ላንቻ ነው። በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያናዊ ባለጋራዥ ዘንድ ማኖቬላ በመጠምዘዝ ጀምረው፣ ባትላሜራም፣ ጎሚስታም፣ በመጨረሻም የሞተር ሐኪም የሆኑ ሰው ናቸው።

ሽማግሌው አሻንጉሊቱንም ቀለሙንም ልብ አላሉት። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ካርቶን አስነጥፈው ከሥር ገቡ። የብራና ሊቃውንት አይቻለሁ፤ መጽሐፉን ከመግለጣቸው በፊት ስፌቱን፣ ድጉሱን፣ የገበታውን ጀርባ ይዳስሳሉ። እሳቸውም እንደዚያው ነበሩ።

“አፍንጫ አለው፤ ኤንትሬ አይደለም” አሉ ከሥር ሆነው።

ለወጣት አንባቢ ላስረዳ። ኤንትሬ ያ የአሰብን መንገድ ያቀና፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለው ፊያት 682 ነው። “ኤን” ናፍታ ለማለት ነው፤ “ትሬ” ሦስት፣ ሦስተኛው ዓይነት ማለት ነው። እሱ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። የእኛው ግን ከጋቢናው ፊት ረጅም ኮፈን አለው።

“ላንቻ ይሆን እንዴ?” አልኳቸው፣ የሰፈራቸውን ስም ጠርቼ አዋቂ ለመምሰል።

“ላንቻማ የመጀመሪያው ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ የኋለኛው ባለ አምስት ነው ልጄ። የዚህ ሞተሩ ተነስቷል፣ ይሄ የተገጠመበት የሌላ ነው። ያረፈበትን ቦታ ግን እየው፤ ለባለ ስድስት የተሠራ አልጋ ነው።” ከዚያ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አስመጥተው ሻንሲውን ያሹት ጀመር። አዲሱ ቀለም ለቀቀ፤ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከሱም ሥር ቅባትና ዝገት ወጣ። በመጨረሻ በብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ብቅ አለ፤ 634።

“ትሬንታ ኳትሮ!” አሉ፤ የሞተ ጓደኛቸውን መንገድ ላይ ያገኙ ይመስል። ስድስት መቶውን ሕዝቡ ትቶለት “ሠላሳ አራት” እያለ ነው የኖረው።

“መሪውስ?” አለ ተማሪዬ።

“ጣሊያን የዚያን ዘመን ከባድ መኪናውን በቀኝ ነበር የሚሠራው። ተራራ ላይ ሾፌሩ የገደሉን አፍ እንዲያይ ነው።”

በዚህ አጋጣሚ ደስ ያለኝን ልጨምር። ከነጻነት በኋላ በአገራችን የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ ወደ ቀኝ የተዛወርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ይህ ባለ ቀኝ መሪ ካሚዮን ጌቶቹ ከሄዱ በኋላ ነው መሪውና መንገዱ የተስማሙለት።

ፊያት 634 ኤን እንግዲህ ቶሪኖ ውስጥ ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተመረተ የናፍታ መኪና ነው። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከ8 ሊትር የሚበልጥ፣ ጉልበቱ ግን 75 ወይም 80 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ስድስትና ሰባት ቶን ግን ይሸከማል። ጣሊያኖቹ “ዝሆን” ይሉታል። ሽማግሌው የጋቢናው ወለል ሥር፣ አዳሾቹ ያልደረሱበት ጥግ ላይ፣ በቢላዋ ቀስ ብለው ፋቁ። እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት ሆኖ ታየ፦ ነጭ፣ ከሱ ሥር ሰማያዊ፣ ከሱ ሥር ቀይ፣ እንደገና ሌላ ሰማያዊ፣ ከሁሉም ሥር አረንጓዴ የሚመታው ግራጫ። “የጦሩ ቀለም ይኸው” አሉ። የተማሪዬ አሸዋ ቀለም ከአምስቱ አንዱም አይደለም።

ስለዚህ የሰሌዳው የመጀመሪያ አጋማሽ ተረት ነው። የጦር ካሚዮን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እስከ 1939 ሲመረት የኖረ መኪና በ1928 ዓ.ም. ይግባ በ1931 በምን ይታወቃል? ባዶሊዮ ከደሴ ይዞት የተነሳው ሰልፍ ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪ ነበረው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባ ካሚዮን ነው ማለት ዐድዋ የዘመተ ጎራዴ ነው እንደማለት ነው፤ በየቤቱ አለ። ጉዞውን እነሱ “የብረት ፈቃድ ጉዞ” ብለው ሰይመውታል። የብረቱ ፈቃድ ጣርማ በር ላይ ዝናብና የተቆረጠ መንገድ ሲያገኘው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ካሚዮኑ በሰው ትከሻና በገመድ ነው የወጣው። ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ያችን ቢጽፍ ምን ነበረበት?

“ክብር” ያልናትም ትታይልኝ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ የዚህ ከተማ ሰው ሲታረድ ሬሳው የተጋዘው በካሚዮን ነው። እስረኛው የተጫነው በካሚዮን ነው። የዚያን ጊዜ እናት የሞተር ድምፅ ስትሰማ ልጇን ይዛ ወደ ጓሮ ነበር የምትሮጠው። ይህኛው ካሚዮን ያን ሠርቷል አላልኩም፤ የባዶሊዮን ተረት ነቅፌ የራሴን አልተካም። ግን በሩ ላይ የፋሽስትን ምልክት አዲስ አድርጎ ስሎ “ወደ ክብሩ ተመለሰ” ለማለት ጥቂት ቆም ማለት ያሻል። ምልክቱ እኮ በዚህ አገር የኖረው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሰማንያ ምናምን ዓመት የማን ነው?

ይህን ስጠይቅ ተማሪዬ ስልኩን አወጣና ከእድሳቱ በፊት ያነሳቸውን ፎቶዎች አሳየን። አቤት! ያ ዶሮ ቤት የተባለው ለካ ሌላ መኪና ነው። ጋቢናው በግማሽ በእንጨት ተሠርቷል። በሩ ከዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በተቆረጠ ላሜራ ተጥፏል፤ የቆርቆሮው ጽሑፍ ዘቅዝቆ ይታያል። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ሦስት ቅጠል ተደርቧል፤ ከፋብሪካው ልክ በላይ ጭነት ሲሸከም የኖረ ለመሆኑ ምስክር። ከጋቢናው በላይ ፖርቶመጋላ አለ። የኋላው ስፖንዳ ደግሞ ወፍራም ሳንቃ ነው፤ የተመታበት ሚስማር እንደ ጥልፍ ተሰድሯል፤ በላዩ የደበዘዘ ቅዱስ ጊዮርጊስና “ቻለው ሆዴ” የሚል ጽሑፍ።

ሽማግሌው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ዝም አሉ። “ይሄ ስፖንዳ የት አለ?” አሉ በመጨረሻ።

“ያን ሁሉ ዝባዝንኬ አስነስተን አጸዳነው አባባ። ቁራሌው ወሰደው።”

“አጸዳነው” አለ። ይህች ቃል እኔንም የምትነካ ስለሆነች ራሴን ላጋልጥ።

አባቴ ከአባታቸው የወረሱት የብራና ዳዊት ነበረን። ድጉሱ ተቦጭቆ፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሮ ነበር። እኔ ያኔ አዲስ ዲግሪ የያዝኩ፣ ስድስት ኪሎ ማስተማር የጀመርኩ ጎረምሳ ነኝ። ላስደስታቸው ብዬ ለአንድ ጠራዥ ሰጠሁት። ጠራዡም አሳመረው፤ ቀይ ቆዳ አለበሰው፣ ቅጠሉም እኩል እንዲሆን ዙሪያውን ከረከመው። አባቴ ተቀብለው ገለጡት፣ ገለጡት፣ ገለጡትና “የእኅቴ ልደት የታለ?” አሉኝ። ለካ ኅዳጉ ላይ ሦስት ትውልድ ሲጽፍ ኖሯል፤ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ዘምቶ ያልተመለሰውን። የአያቴ ወንድም ወደ ጦርነቱ የወጡበት ቀን የተጻፈው እዚያ ብቻ ነበር። መዝሙረ ዳዊት እንደሆን በየቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ ያን ኅዳግ ከየት አመጣዋለሁ? አባቴ አልተቆጡኝም። እንዲያውም “አምሯል” አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ግን በዚያ ዳዊት ሲደግሙበት አላየኋቸውም፤ ከጎረቤት እየተዋሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለተማሪዎቼ ስለ ጥንት ጽሑፍ አርትዖት ሳስተምር የጸሐፊውን ብቻ ሳይሆን የገልባጩንና የኅዳግ ጸሐፊውንም እጅ መዝግቡ እያልኩ ለዓመታት ጮኽኩ። ይኸው ከተማሪዎቼ አንዱ ካሚዮን አግኝቶ ኅዳጉን ከረከመው። ያስተማርኩት አልገባውም ልበል ወይስ እኔው አላስተማርኩትም?

ይህ የእኔ የምሁር ቅብጠት እንዳይመስላችሁ ደግሞ የባለሙያዎቹን ሕግ ልጥቀስ። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር ስለ ሐውልትና ሕንፃ ሲናገር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት፣ በየዘመኑ የተጨመረውም ሁሉ መከበር እንዳለበት ደንግጓል። በዚያው መንፈስ የዓለም የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 እ.ኤ.አ. ለአሮጌ መኪኖች የራሱን ቻርተር አጽድቋል፤ መኪናው በሥራ ዘመኑ የተደረገለት ለውጥም የታሪኩ ምስክር ነው ባይ ነው። የቻርተሩ ስም ማን ይመስላችኋል? የቶሪኖ ቻርተር! የፊያት አገር ሰዎች እንኳ የኛን የዘይት ቆርቆሮ ጥፈት ማክበር ጀምረዋል፤ እኛ ግን ጥፈታችንን ነቅለን የነሱን መጥረቢያ እንስላለን።

ተማሪዬ ዝም ብሎ አልተሸነፈም፤ ጎበዝ ነው። “ጋሼ፣ ዶሮ ኩስ ያለበት መኪና ሥር ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ያሳዩኝና አልነካውም” አለኝ። “ደግሞስ ሰው የሚመጣው ጦርነቱን ሊያይ ነው እንጂ እህል ጫኝ ሊያይ ነው?” መልሱ ቀላል አይደለም። ዝገቱን ማስቆሙ ትክክል ነበር፤ የበሰበሰውን ወለል መቀየሩም ትክክል ነበር፤ ሻንሲው ላይ ያሠራው ብየዳ ጥሩ መሆኑን ሽማግሌውም መስክረዋል። ቡና ቤት ሙዚየም አይደለም፣ ማትረፍ አለበት። እኔም የምሟገተው መኪናው እንደ ተገኘ ይበስብስ ብዬ አይደለም። የተጠገነው ይጠገን፤ ያልነበረው አይጨመር፤ የነበረው አይጣል ነው። ስምንቱ ቀዳዳ ያልነበረ ነው። ስፖንዳው የነበረ ነው።

“ሰው ጦርነቱን ሊያይ ነው የሚመጣው” ያለው ግን አልተዋጠልኝም። ጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን “ፀሐይ” የተባለችውን አውሮፕላን መለሰችልን። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገር የተሠራች፣ ስሟ ከልዕልት ፀሐይ የተወሰደ፣ በወረራው ተማርካ ከሰማንያ ዓመት በላይ እዚያ የኖረች ናት። ያን ሰሞን ሁላችንም ደስ አለን፤ እኔም አለቀስኩ ብል አላፍርም። ደስ ያለን ጦርነት ስላየንባት ነው? እኛ የሠራነውን ስላየንባት ነው እንጂ! ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ነበር የሥራው መሪ፤ እጁ ግን የብዙ ሰው ነው። ታዲያ በትሬንታ ኳትሮው ላይ የነበረውን የኛን እጅ በኪሎ ሸጠን፣ የመጣበትን የጠላት ፊት መልሰን ስናቆም ምን ለማየት ነው?

ሽማግሌው ይህን ክርክር አልሰሙም። ከካሚዮኑ ኋላ ቆመው፣ አዲሱን የብረት ስፖንዳ በጣታቸው እየመቱ ነበር። “ልጄ፣ ያን ሳንቃ የመታሁት እኔ ልሁን አልሁን እርግጠኛ አይደለሁም” አሉኝ። “ሚስማር ሦስት ሦስት አድርገን እንድንሰድር ያስተማረን አንድ ሰው ነበር፤ ከእሱ ጋራዥ የወጣነው ሁሉ እንደዚያ ነው የምንመታው። አሥራ ሁለት ነበርን። አሁን ያለሁት እኔ ነኝ።”

ተማሪዬ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ከዚያም ሄዶ አሻንጉሊቱን ከነቆቡ ከጋቢናው አወረደው፤ እኔ አላዘዝኩትም። መጥረቢያውም እንደሚጠፋ ነገረኝ። ቀዳዳዎቹን ሽማግሌው ራሳቸው ሊደፍኑለት ተስማምተዋል፤ ዋጋውን በሹክሹክታ ስለተነጋገሩ አልሰማሁም።

ሰሌዳውን አርምልኝ ብሎኝ አልነበር? ይኸው አረምኩት፦ “ፊያት 634 ኤን፣ በሕዝቡ አጠራር ትሬንታ ኳትሮ። ከጣሊያን ወረራ ጋር የመጣ የጦር ካሚዮን። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና መካኒኮች እጅ ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተገኘ። ቀለሙ፣ በሮቹና የኋላ ስፖንዳው አዲስ ናቸው።” ተማሪዬ አነበበና “የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ግድ ናት?” አለኝ። ግድ ናት አልኩት። ፎቶዎቹም ታትመው ከጎኑ እንዲሰቀሉ ተነጋግረናል።

ቅዳሜ ሦስታችን ቁራሌውን ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሄድን። ሰውየው ሳንቃውን ያስታውሰዋል፤ “ፈረስ የተሳለበት” አለ። ለአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ሸጦታል፤ ለማገዶ ይሁን ለበር ግን አልጠየቃትም። ሠፈሯን በእጁ ጠቆመን። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጭስ ያየንበትን በር ሁሉ አንኳኳን። ሽማግሌው ደክሟቸው መኪና ውስጥ ቀሩ፤ ስንመለስ ግን “አገኛችሁ?” ብለው አልጠየቁንም። “የቀረው ሠፈር በየትኛው በኩል ነው?” ነው ያሉን። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጥረናል።